የግቢው በርና የቤቱ በር፦ ነርሲንግ ወይስ ኮምፒውተር ሳይንስ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አባቷ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ካልሆነ ብሏል። ጂፒኤዋ (የውጤቷ አማካይ) 3.6 ነው፤ ከባድ ክፍሎች ሲታሰቡላት 4.1 ይሆናል። ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አንዴ ወስዳ 1180 አምጥታለች። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድን፣ ታውሰንን፣ ዩኤምቢሲንና ሞንትጎመሪ ኮሌጅን እያነጻጸርን ነው። ድረ ገጾቻቸውን ባነብም ሁሉም ተደበላለቀብኝ። ለመሆኑ የነርሲንግና የኮምፒውተር ሳይንስ መቁረጫ ነጥብ ስንት ነው? አማርኛ መቻሏስ ይጠቅማታል?»

መልስ፦ እህቴ፣ «መቁረጫ ነጥብ» የሚለው ላይ ስደርስ ፈገግ አልኩ። በእርስዎ አይደለም፣ በራሴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን እዚህ አገር ለኮሌጅ ሳዘጋጅ እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ያደግነው በማትሪክ ነዋ! አንድ ፈተና አለ፣ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ ከዚያ ምደባ ይጠበቃል። አገር ቤት ዛሬም ያ አስተሳሰብ አለ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የማለፊያው መስመር 50 በመቶ ሆኗል። በዚያ ዓመት መስመሩን ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጨካኝ መስመር ነው። ቢሆንም የት እንዳለ ሁሉም ያውቀዋል።

እዚህ እንዲህ ያለ መስመር የለም። ስለዚህ «3.6 ነርሲንግ ያስገባል ወይ?» ስባል መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው። የት? በየትኛውስ በር?

በር ያልኩት በምክንያት ነው። አገር ቤት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ግቢ ገባ» እንላለን። ግቢ መግባት ግን ቤት መግባት አይደለም። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ የወንድሞቻችን ልጆች ይህን በደንብ ያውቁታል። ግቢ ከገቡ በኋላ ዲፓርትመንት ለመያዝ ሌላ ፉክክር ይጠብቃቸዋል። የሚፈልጉትን ያላገኙ ስንቶች አሉ። አሜሪካም እንደዚያው ሁለት በር አለ። አንዱ የዩኒቨርሲቲው በር ነው፣ ሌላው የትምህርት ክፍሉ። አንዳንድ ቦታ ሁለቱ በሮች በአንድ ቀን ይከፈታሉ። አንዳንድ ቦታ ሁለተኛው የሚከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ለሁሉም አይደለም። ወላጆች የምታነጻጽሩት የመጀመሪያውን በር ነው። ልጆቹ የሚቀሩት ሁለተኛው ላይ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቶቹ ልግባ። ድረ ገጾቹ የተደበላለቁብዎት በእርስዎ ጥፋት አይደለም። ስማቸው ራሱ የተደበላለቀ ነው። ሰው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ሲል የሚያስበው ኮሌጅ ፓርክን ነው፤ ከእናንተ ሰፈር ቅርብ ያለውን። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ባልቲሞር ግን ሌላ ተቋም ነው። ባልቲሞር መሀል ከተማ ያለ፣ የሕክምና፣ የሕግ፣ የፋርማሲና የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የተሰበሰቡበት ነው። ዩኤምቢሲ ደግሞ ሦስተኛ ነው። በስሙ መጨረሻ ላይ «ካውንቲ» የሚል ቃል አለ፣ ያቺ ቃል ሌላ ዩኒቨርሲቲ ታደርገዋለች። ሦስቱም የየራሳቸው ቅበላና ደንብ አላቸው።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ኮሌጅ ፓርክ የነርሲንግ ዲግሪ አይሰጥም። ዩኤምቢሲም አይሰጥም። ልጅዎ ነርስ ለመሆን ብላ ኮሌጅ ፓርክ ብትገባ፣ እዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቅድመ ኮርሶችን ትወስዳለች። ከዚያ ለባልቲሞሩ የነርሲንግ ትምህርት ቤት እንደ አዲስ ታመለክታለች። ኮሌጅ ፓርክ መማሯ ብቻውን ቦታ አያስጠብቅላትም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ቆይቶ ከመጣ ተማሪ ጋር እኩል ትሰለፋለች። «ሜሪላንድ ገባች» ተብሎ እልል የተባለላት ልጅ በሁለተኛው ዓመት እንደገና አመልካች ስትሆን ቤተሰቡ ይደነግጣል። ባልቲሞር ብቻ እንዳይመስልዎት ደግሞ። ያው የነርሲንግ ትምህርት ቤት ሮክቪል በሚገኘው የሼዲ ግሮቭ ግቢም ያስተምራል። ይህን የማያውቁ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጅዎ ከቤት እየተመላለሰች ልትማርበት የምትችል ቦታ ነው።

እዚያ ለመግባት የሚታየው ምንድን ነው? ኤስኤቲ አይደለም። የ11ኛ ክፍል ውጤቷም አይደለም። የሚታዩት በኮሌጅ የወሰደቻቸው ኮርሶች ናቸው። በአብዛኛው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድ እና ሁለት ከነላብራቶሪያቸው፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ የሰው ልጅ ዕድገት፣ ኒውትሪሽን ናቸው። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች የሳይንሱን ውጤት ለብቻው ነጥለው ያሰላሉ። አንዳንዶቹ አንድን ኮርስ ስንት ጊዜ እንደደገሙት ይቆጥራሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ የቆየ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም፤ ዓመቱ አልፎበታል ይላሉ። ብዙዎቹ ቲስ የሚባል መግቢያ ፈተና አላቸው። እነዚህ ነጥቦች ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያሉ። ማነጻጸር ካለብዎት የሚነጻጸሩት እነሱ ናቸው።

የካውንታችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ የዚህ ታሪክ ሌላው ፊት ነው። የግቢው በር ለሁሉም ክፍት ነው። ሃይስኩል የጨረሰ ይገባል፣ ድርሰት አይጠየቅም፣ የምክር ደብዳቤ አይጠየቅም። ታኮማ ፓርክ እና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ያለው የነርሲንግ ክፍል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቅድመ ኮርስ አለው፣ የተለየ ማመልከቻ አለው፣ ፉክክርም አለው። ባለፉት ዓመታት ስንት እናት «ኮሚኒቲ ኮሌጅ እኮ ሁሉንም ይቀበላል፣ ልጄን እንዴት መለሷት?» ብላ ደውላልኛለች። ኮሌጁ ተቀብሏታል። ነርሲንጉ ነው ገና ያልተቀበላት።

ስለዚህ መንገድ አንድ የሚናቅ ነገር አለ፣ እኔ ግን አልንቀውም። ሞንትጎመሪ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ዲግሪ ነው፤ ከነቅድመ ኮርሶቹ ከሁለት ዓመት ይረዝማል። የሁለት ዓመቱን የጨረሰችም፣ የአራት ዓመቱን የጨረሰችም ሬጅስተርድ ነርስ ለመሆን የሚቀመጡት ለአንድ ዓይነት የፈቃድ ፈተና ነው። ፈተናው ኤንክሌክስ ይባላል። ትልልቅ ሆስፒታሎች የባችለር ዲግሪ ያላትን ይመርጣሉ፣ ይህ እውነት ነው። ግን እየሠሩ ወደ ባችለር የሚያሻግሩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። አንዳንድ ጊዜ አሠሪው ራሱ ይከፍላል። ሐበሻ ቤት ግን «ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባች» ማለት ይከብዳል። ለምርቃት ድግስ አይመችም መሰለኝ።

ታውሰንን በተመለከተ አጭር ልሁን። የራሱ የነርሲንግ ክፍል አለው፣ ስሙም ጥሩ ነው። ታውሰን መግባትና የታውሰንን ነርሲንግ መግባት ግን አንድ አይደሉም። ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ምን ብላችሁ እንደምትጠይቋቸው ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ሁለቱም በሮች በአንድ ቀን የሚከፈቱባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ፣ ፊላደልፊያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፔንስልቬንያ፣ ቪላኖቫ፣ እነዚህ ከሃይስኩል በቀጥታ ወደ ነርሲንግ ትምህርት ቤታቸው ይቀበላሉ። የተቀበሏት ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነርሲንግ ተማሪ ናት። ዋጋው የመጀመሪያው በር መጥበቡ ነው። የሃይስኩሏን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ የክፍሎቿን ክብደት፣ ድርሰቷን አብጠርጥረው ነው የሚያዩት። ሌላው ዋጋ ገንዘብ ነው። ቨርጂኒያ ድልድይ ተሻግሮ ቢሆንም፣ ለሜሪላንድ ነዋሪ የሌላ ስቴት ክፍያ ነው የሚጠየቀው። ሁለቱ ደግሞ የግል ናቸው።

አሁን ወደ አባቷ ሐሳብ ልምጣ። እንዳይቆጡ ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።

ኮምፒውተር ሳይንስ ኮሌጅ ፓርክ ላይ የተገደበ ቅበላ ካላቸው ትምህርቶች አንዱ ነው፤ ሊሚትድ ኢንሮልመንት ይሉታል። አመልካቹ ለዩኒቨርሲቲው በቂ ሆኖ ለኮምፒውተር ሳይንስ ላይመረጥ ይችላል። ያኔ የሚቀመጠው ሌተርስ ኤንድ ሳይንስስ በሚባል፣ ሜጀራቸውን (ዋና የትምህርት ክፍላቸውን) ገና ያልያዙ ተማሪዎች በሚሰበሰቡበት ክፍል ነው። ድሮ እዚያ ገብቶ፣ ካልኩለስና ፕሮግራሚንግ አልፎ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ መዞር የተለመደ ነበር። እኔም ራሴ ለብዙ ልጆች ይህን መክሬያለሁ። ከ2024 መኸር ጀምሮ ለሚገቡ ግን መንገዱ በጣም ጠቧል። ከውስጥ የሚዞሩት ቦታ የተወሰነ ነው፣ በውድድር ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ሳይንስን ከምሯ የምትፈልግ ልጅ ማመልከቻው ላይ ያንን ሜጀር መምረጥ አለባት። «ለመግባት እንዲቀላት ታሪክ ብላ ትሙላና በኋላ ትቀይር» የሚለው ብልጠት እዚህ አይሠራም። ምርጫዋ በቅን ልብ ታሪክ ከሆነማ ጥሩ፤ ያኔ የቤቱ በር ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ከሜሪላንድ ውጭ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። ሜጀር አልመረጠም። ገብቼ እቀይራለሁ አለ። እኔም ደንቡን በዓይኔ ሳላይ «ይቻላል» አልኩት። አልተቻለም። የመጀመሪያ ዓመቱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ ነው የከለከሉት፣ ቦታ የለም ብለው። ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ጨረሰ፣ ዛሬ በሙያው ይሠራል። የባከነበት ዓመትና የሌላ ስቴት ክፍያ ግን አልተመለሰለትም። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን በር ራሴ ሳላይ አልመክርም።

ማኅበር ላይ የሚሰማ ሌላም ምክር አለ። «ሁለት ዓመት ሞንትጎመሪ፣ ከዚያ ኮሌጅ ፓርክ።» ለብዙ ትምህርት ግሩም መንገድ ነው። ገንዘብ ይቆጥባል፣ ክሬዲቱም በአብዛኛው ይተላለፋል። ለኮምፒውተር ሳይንስ ግን ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚመጣውም በዚያው ጠባብ በር ነው የሚያልፈው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎት ሜጀሩ ሊመልሰው ይችላል።

ዩኤምቢሲ እዚህ ላይ ጥሩ አማራጭ ነው። በኮምፒውተር ትምህርት የታወቀ ነው። እዚያም ወንፊት አለ፤ የተቀመጠው ግን ከገቡ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን የፕሮግራሚንግ ኮርሶች በጥሩ ውጤት ማለፍ ይጠይቃሉ። ጎን ለጎን ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የሚባል ሌላ ትምህርት አለ። የሒሳብ ጭነቱ ቀለል ይላል፣ ሥራውም ያው ኮምፒውተር ነው። ለአባቷ ይህን ሲነግሯቸው ፊታቸው ፈታ ይል ይሆናል።

እንግዲህ ሁለቱን ትምህርቶች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ልዩነታቸው የወንፊቱ ቦታ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ኮሌጅ ፓርክ ላይ የሚያበጥረው ዛሬ ነው። የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ሒሳቧን ይዞ ነው። ያ ጨዋታ ለልጅዎ አብዛኛው አልቋል። ነርሲንግ በባልቲሞርም በሞንትጎመሪም የሚያበጥረው ወደፊት ነው፣ የኮሌጅ አናቶሚዋን ይዞ። ያ ጨዋታ ገና አልተጀመረም። 3.6 ያላት ልጅ በነርሲንጉ በኩል ምንም በር አልተዘጋባትም። በኮምፒውተሩ በኩል ኮሌጅ ፓርክ ሩቅ ነው፣ ዩኤምቢሲና ታውሰን ግን ቅርብ ናቸው። በእኔ አስተያየት የባልና ሚስቱ ክርክር መነሻ ይህ ቢሆን ይሻላል።

ቁጥሮቹን በተመለከተ። 4.1ን ለጎረቤት ይንገሩት። ኮሌጁ የሚያየው ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የየክፍሉን ውጤት ዝርዝር ነው። የክብደት አቆጣጠር ከካውንቲ ካውንቲ ስለሚለያይ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቁጥሩን በራሳቸው መንገድ ይመዝኑታል። የሚያዩት ኤፒና ኦነርስ የሚባሉትን ከበድ ያሉ ክፍሎች የወሰደችው በየትኛው ትምህርት እንደሆነ ነው። ለነርሲንግ በኬሚስትሪ የመጣ ቢ እና በሌላ ክፍል የመጣ ቢ እኩል አይነበቡም። ኮሌጅ ፓርክ ከ20 በላይ ነገሮችን አያለሁ ይላል። እውነቱን ነው፣ ግን ዝርዝሩ ላይ ፊት የሚቀመጡት ውጤትና የክፍሎቹ ክብደት ናቸው።

ኤስኤቲ 1180 መጥፎ አይደለም። ጥያቄው ይላክ ወይስ አይላክ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ባለፉት ዓመታት ውጤት መላክን ለተማሪው ምርጫ ትቶታል። እዚያ ከገቡትና ውጤት ከላኩት ብዙዎቹ ከ1400 በላይ ናቸው። ስለዚህ ለኮሌጅ ፓርክ አይላክ። ታውሰን ላይ ግን አያሳፍርም። ሁሉም ቦታ ምርጫ ነው ብለው ደግሞ እንዳያስቡ። ጆርጅታውን ፈተናውን ይጠይቃል፣ ጆንስ ሆፕኪንስም ለተወሰኑ ዓመታት ትቶት ቆይቶ መልሶታል። በተቃራኒው የካሊፎርኒያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲ የሚባለው፣ ቢልኩለት እንኳ ለቅበላ አያየውም። ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ ትድገመው። ካን አካዳሚ ላይ ነጻ መለማመጃ አለ፣ ለኮርስ ብለው ብዙ ገንዘብ አያውጡ።

ሌላ የሚያሳስት ቁጥር አለ፦ «ከመቶ ይህን ያህሉን ይቀበላል» የሚለው። ያ የግቢው በር ቁጥር ነው። ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ አለ፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ያወጡታል። ክፍል «ሲ» ላይ ስንት አመለከቱ፣ ስንት ገቡ፣ ከውጤት፣ ከድርሰትና ከፈተና የትኛው ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ተጽፏል። የዩኒቨርሲቲውን ስምና «ኮመን ዳታ ሴት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፈው ቢፈልጉ ያገኙታል። በጣም እወደዋለሁ፣ ማስታወቂያ የለበትም። ግን እሱም ቢሆን በትምህርት ክፍል አይከፋፍልም። የኮምፒውተር ሳይንሱን ጥበት እዚያ አያዩትም።

አሁን ዋናው ነገር የ12ኛ ክፍል ምዝገባዋ ነው። ከኤስኤቲው በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። ኮሌጅ ፓርክ ከሃይስኩል አራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ አራት ዓመት ሒሳብ፣ ሦስት ዓመት ሳይንስ፣ ከእሱም ሁለቱ ላብራቶሪ ያላቸው፣ ሦስት ዓመት ሶሻል ስተዲስ፣ ሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ይጠይቃል። ልብ ይበሉ፣ ሒሳብ አራት ዓመት ነው። «አልጀብራ ሁለትን ጨርሻለሁ፣ 12ኛ ላይ ልረፍ» ማለት አይሠራም። ዘንድሮ ፕሪካልኩለስ ላይ ከሆነች፣ ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚቀጥለው ካልኩለስ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለም። ለነርሲንግ ስታቲስቲክስ ይበልጥ ይጠቅማታል። ሁለቱንም በር ክፍት ማቆየት ከፈለጋችሁ ካልኩለሱን ትውሰድ። ስታቲስቲክስን ኮሌጅ ትደርስበታለች። ኬሚስትሪዋ ደካማ ከሆነ ግን እሱን ማጠንከር ከሁሉም ይቀድማል። ኤፒ ባዮሎጂ ጥሩ ነው፣ ግን አናቶሚን አይተካላትም። አናቶሚ የሚባል ኤፒ የለምና።

በሃይስኩል እያለች የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ኮርስ መውሰድም ትችላለች፤ ዱዋል ኢንሮልመንት ይባላል። ክፍያውን ካውንቲው ይሸፍናል ወይ ብለው ካውንስለሯን (የትምህርት ቤቷን አማካሪ) ይጠይቁ፣ ለብዙዎች ተሸፍኖላቸዋል። ግን ጥንቃቄ አለው። እዚያ የምታገኘው ውጤት የሃይስኩል ብቻ አይደለም። የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ነው፣ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። አንዲት ልጅ በ12ኛ ክፍል፣ ከሥራና ከምርቃት ግርግር ጋር አናቶሚ ወስዳ ሲ ብታመጣ፣ ያ ሲ ከሁለት ዓመት በኋላ ነርሲንጉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ስለዚህ እንግሊዝኛና ሳይኮሎጂን በዱዋል ትውሰድ፣ አናቶሚን ለኮሌጅ ታቆየው። ይህ የእኔ አቋም ነው፣ የማይስማሙ ካውንስለሮች አሉ።

ቀኖቹን በአጭሩ። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል። የኮሌጅ ፓርክ ቀደም ያለው ቀን ኖቬምበር 1 ነው። እዚያ የሚገባው ሰው አብዛኛው በዚያ ቀን ያመለከተ ነው፣ የኋለኛውን ቀን እንደሌለ ይቁጠሩት። የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻው፣ ፋፍሳ የሚባለው፣ እንዳይረሳ። ለስቴቱ ነዋሪዎች የሚታሰበውን ዝቅ ያለ ክፍያ ለማግኘት ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ 12 ወር መኖራችሁን ማሳየት ይጠበቅባችኋል።

ድርሰቱና የተሳትፎ ዝርዝሩ ላይ ሐበሻ ልጆች ይሸነፋሉ። ችሎታ አጥተው አይደለም፣ አስተዳደጋችን ነው። ራስን ማሞገስ ነውር ነው ብለን አሳድገናቸዋል። አንዷን ተማሪ ከትምህርት በኋላ ምን ትሠሪያለሽ ብላት «ምንም» አለችኝ። ቆይታ ስትናገር በየሳምንቱ አያቷን ክሊኒክ ትወስዳለች፣ ለሐኪሙ ታስተረጉማለች፣ መድኃኒት ትቆጥራለች፣ ቅዳሜ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ታስተምራለች። ይህ ምንም ነው? ኮመን አፕ ላይ እስከ 10 ተሳትፎ ይጻፋል፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ለብቻው ቦታ አለው። ለነርሲንግ አመልካች ከዚህ የተሻለ ምን ይጻፋል? ልጅዎን ቁጭ አድርገው የሳምንት ሥራዋን ሁሉ ይዘርዝሩላት። እናት የምታየውን ልጅ አታየውም።

ለትምህርት ቤቶቹ የሚላከው ጥያቄ ይኸው። ልጅዎ ራሷ በእንግሊዝኛ ትጻፈው፣ በራሷ ኢሜይል። ሐሳቡ ይህ ይሁን፦ «የ12ኛ ክፍል አመልካች ነኝ። ብትቀበሉኝ የምገባው በቀጥታ ወደ ነርሲንግ ነው ወይስ እንደ ቅድመ ነርሲንግ ተማሪ? ቅድመ ነርሲንግ ከሆነ ባለፈው ዓመት ስንት የራሳችሁ ተማሪዎች አመለከቱ፣ ስንቱስ ገቡ? የገቡት የሳይንስ ውጤት አማካይ ስንት ነበር? ካልገባሁ በእናንተ ዘንድ ምን ሌላ ትምህርት ይኖረኛል?» ነርሲንግ የሚለውን በኮምፒውተር ሳይንስ ቀይራ ለሌሎቹም ትላከው። «ቅድመ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉት። «ቅድመ ነርሲንግ» ዲግሪ አይደለም፣ የመጠባበቂያ ክፍል ነው። «ቅድመ ሕክምና»ም እንዲሁ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ቁጥሩን ቁጭ ያደርግላችኋል። አንዳንዱ «በጣም ተወዳዳሪ ፕሮግራም ነው» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ መልስ ከመጣ እኔ ያንን ትምህርት ቤት ከዝርዝሩ ታች አወርደዋለሁ።

እኔ ብሆን እንዴት እደረድራለሁ? ልጅቷ ነርሲንግ ካለች ታውሰንና ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ከላይ ይሁኑ፣ ሼዲ ግሮቭን ታሳቢ አድርጋችሁ። ኮሌጅ ፓርክን የምጨምረው ነርሲንጉ ባይሳካ እዚያ በደስታ የምትማረው ሌላ ትምህርት ካላት ብቻ ነው። አባቷ ካሸነፉ ዩኤምቢሲ ከላይ ይሁን፣ ኮሌጅ ፓርክ ዕድል መሞከሪያ፣ ታውሰን መተማመኛ። አባቷ እንዳያሸንፉ ግን እመኛለሁ። ኮድ መጻፍ ስለምጠላ አይደለም። በጥያቄዎ ውስጥ «ትፈልጋለች» የሚለው ቃል ያለው ነርሲንጉ አጠገብ ነው።

የአማርኛው ጥያቄ ቀረ። ኮሌጆቹ የሚጠይቁትን የሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ስፓኒሽ ወይም ሌላ ወስዳ ከሆነ አሟልታለች። ከዚያ በላይ ሜሪላንድ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ለሚያነቡና ለሚጽፉ ተማሪዎች ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ የሚባል ማኅተም ዲፕሎማቸው ላይ ይሰጣል። ለአማርኛም ፈተና አለው። ካውንስለሯን መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁ። ፈተናው መናገርና መስማት ብቻ አይደለም፣ ማንበብና መጻፍም አለበት። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ደግሞ እንደ ጉድ ያወራሉ፣ ፊደል ላይ ሲደርሱ ግን «ሀ ሁ»ን አልፈው «ለ» ላይ ይቆማሉ። የእርስዎ ልጅ የት ላይ እንደምትቆም ዛሬ ማታ አንድ ገጽ አስነብበው ይዩ። አያት በአካባቢው ካሉ ክረምቱ ይበቃል።